የቤት እጅ

ዘምዘም ሙሄ በገዛ ባሏ መኪና ውስጥ እንግዳ መሆኗን ያወቀችው ለእህቷ ልጅ ሰርግ ወደ ሐይቅ ከተማ ሲሄዱ ነው። ፀሐዩ ከረር ብሎ ስለነበር መስኮቱን ዝቅ ላድርገው ብላ፣ ከፊቷ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋው ጥቁር መስታወት ላይ ጣቷን አሳረፈች።  ከዚያ ያ የሁሉም መኪና የሆነው ለስላሳ የሴት ድምፅ፣ «እንኳን ደህና መጡ፣ እንግዳችን። መስኮት የሚከፍተው የቤት እጅ ብቻ ነው» አላት።

«ምን አልሽ አንቺ?» አለች ዘምዘም።

ባሏ አወል ቶሎ ብሎ እጁን ሰደደና መስኮቱን ከፈተላት። «ተይው እባክሽ፣ ብልሽት ነው» አለ። ሲናገር አላያትም። የሚነዳ ሰው መንገድ እንጂ ሚስቱን አያይም ይባል ይሆናል፤ ግን ራሱን የሚነዳ መኪና ነው፣ አወል መንገዱን የሚያይበት ምንም ምክንያት አልነበረውም። ይቺን ነገር ዘምዘም ልብ አለቻት።

ነገሩ ለምን እንደከነከናት ለመረዳት የዚያን ዘመን ደሴን ማወቅ ያስፈልጋል። ቤት ሰውን በድምፁ ይለያል፤ ባንክ በዓይኑ ይለያል፤ መኪና ግን የሚያውቀው እጅ ነው። የሚጫኑት፣ የሚያዞሩት፣ የሚጎትቱት ነገር ሁሉ ከመኪና ውስጥ ከጠፋ ቆይቷል፤ ያኔ ልጅ የነበረ ዛሬ አያት ሆኗል። የቀረው አንድ ወጥ መስታወት ነው። መስታወቱ የነካውን እጅ ያውቃል፤ ወንበሩን በልኩ ያስጠጋለታል፣ ሙቀቱን ይመጥንለታል፣ የሚወደውን መንገድ ይመርጥለታል። ይህ ግን ለቤት እጅ ነው፤ የቤት እጅ ደግሞ ሁለት ብቻ ነው፣ የባልና የሚስት፤ አንደኛው ሲነካው የሌላኛውንም ባዶ ወንበር ያሰናዳል፣ ሰው ከተቀመጠበት ግን አያነቃንቀውም። የቀረው ፍጡር በሙሉ እንግዳ ነው። እንግዳ በሰው ቤት እንደልቡ አይሆንም፤ ይቀመጣል፣ ያመሰግናል፣ ይወርዳል።

ስለዚህ ኒካህ በታሰረ ማግስት፣ ሽማግሌ ባለበት፣ ሙሽሮቹ መዳፋቸውን ጎን ለጎን መስታወቱ ላይ ያኖራሉ። እጅ ማኖር ይባላል። መኪና ቢለወጥ እጁ ወደ አዲሱ ይሻገራል እንጂ አይለወጥም። ሴት ልጅ ያላቸው እናቶች ስለ አንድ ጎረምሳ ሲጠያየቁ ከዘሩም ከሥራውም አስቀድመው «መኪናው ላይ እጅ የለም አይደል?» ይላሉ። ከኒካሁ ይልቅ እጅ ማኖሩን የሚያከብር ሰው እየበዛ መጥቶ፣ ሼሆቹም ቄሶቹም በየፊናቸው ቢገስጹ ቢገስጹ አልሆነላቸውምና ትተውታል።

ታዲያ ከሃያ ዓመት በላይ የቤት እጅ የነበረች ሴት በምን ሒሳብ እንግዳ ትሆናለች? ዘምዘም እስከ ሐይቅ ድረስ ያሰበችው ይህንኑ ነው። ያለው ቦታ ሁለት ነው። አንዱ ላይ አወል አለ። እሷ ከሁለተኛው ከወጣች፣ ገብታለች ማለት ነው፣ ሌላዋ!

ሐይቅ ሲደርሱና ስትወርድ መስታወቱ፣ «ስለጎበኙን እናመሰግናለን» አላት።

ሰርጉ ላይ ሴቶቹ ለሂና እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ዘምዘም እጆቿን ከሻርፗ ሥር ሸሸገች። ይህ እንኳ የቆየ ልማዷ ነው። ዕድሜዋን የገበረችው ኮምቦልቻ ቆዳ ስታለፋ ነው፤ ኖራውና ጨዉ ለእጇ አልራሩለትም። አንድ ጊዜ ሌላ ሰርግ ላይ፣ ሂና የምትቀባው ኮረዳ መዳፏን ገልበጥ አድርጋ አይታ፣ «እትዬ፣ ይሄ እጅ ቀለም አይዝም!» ብላ ሴቱን ሁሉ አስቃባታለች። ያን ዕለት ዘምዘም ቤቷ ገብታ አልቅሳ አልቅሳ፣ አወልን አስማለችው፤ ስለ እጇ ለእሷም ሆነ ለማንም ሰው ትንፍሽ ላይል። ወላሂ ብሎ ማለላት። ከዚያ በኋላ እሷ ነገሩን እርግፍ አድርጋ ረሳችው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ ያስማለም እንዲሁ ነው፣ የሚያስታውሰው የማለው ነው።

ለምን እስከ ዛሬ ሳታውቅ ቀረች የሚል ካለ፣ በባሏ መኪና ተሳፍራ አታውቅም ማለት ይቻላል። እሷን ከበር የሚወስዳትና ከበር የሚመልሳት የፋብሪካው ሰርቪስ ነበር። አወል ደግሞ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ሚዛን ላይ ነው የሚሠራው፤ ሰዓታቸው ገጥሞ አያውቅም። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ እሷም ተቀንሳ ቤት ከዋለች ገና ወራት ቢቆጠር ነው።

ቤት የዋለ ሰው ደግሞ በመስኮት ያያል።

ቤታቸው ሆጤ ዳገቱ ላይ ነው፤ ከማድቤቱ መስኮት ግቢው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከሰርጉ ማግስት ጀምሮ ዘምዘም ጧት ጧት እዚያች መስኮት ላይ ተለጠፈች። አወል ይመጣል፣ ይገባል፣ በሩን ይዘጋል። ከዚያ መዳፉን መስታወቱ ላይ ያሳርፋል። ያኔ ከጎኑ ያለው ባዶ ወንበር ይንቀሳቀሳል። ወደፊት ይጠጋል፣ ዝቅ ይላል፣ መደገፊያው ቀና ይላል። መስኮቱ ሦስት ጣት ያህል ይከፈታል። ወንበሩ ላይ ማንም የለም። አወል ወደዚያ ባዶ ወንበር ዘወር ብሎ ያያል፤ ዘምዘም ከሩቅም ቢሆን ፈገግ ማለቱን አትስትም፣ ባሏ ነውና። ከዚያ መኪናው ከግቢ ይወጣል።

በሚቀጥለውም ቀን እንዲያው ነው፤ በሚቀጥለውም። ሽሮው አረረባት። አንድ ጧት ስኒ ከእጇ ወድቆ ተሰበረ፤ ስብርባሪውን ሳታነሳ ግንባሯን መስኮቱ ላይ ደግፋ ቆማ ቀረች። በእሷ ዕድሜ ቅናት ነውር ነው ትል ነበር፤ ሌሎች ሴቶች ሲንገበገቡ ስታይ «ኤዲያ!» እያለች አፍንጫዋን የምትነፋ ሴት ነበረች። አሁን ግን ቀናች። ውስጧ እርር እስኪል ቀናች። አወል ለእሷ እንዲህ ፈገግ ያለላት መቼ እንደሆነ ማስታወስ አቃታት።

ጎረቤቷ ብርቄ ደግሞ፣ ሰው ሲቸገር መድረስ የምትወድ ሴት ናት።

«ማንን ነው የሚጭነው?» አለቻት።

«ማንንም። ከግቢ ሲወጣ ብቻውን ነው።»

«ኧረ ሞኝ አትሁኚ ዘምዘምዬ! ካንቺ ደጃፍ ሊጭናት ኖሯል? ሸዋ በር ጋ ቆማ ትጠብቀዋለቻ። ወንበሯ ከቤት ተሰናድቶላት ይሄዳል፣ እሷ ዘው ብላ መግባት ነው።»

«አወል እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም።»

«ማንስ ነበር?» አለች ብርቄ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ወንበሩን አይተሽ፣ ሴትየዋ ምን ታህል እንደሆነች እንኳ ለይተሽ አታውቂም?»

ዘምዘም ይህን አላሰበችውም ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለችም።

አንድ ሰኞ ጧት አላህ ሰጣት። አወል ወንበሩን አሰናድቶ ሊወጣ ሲል የሥራ ባጁን ረስቶ ወደ ቤት ተመለሰ። እሱ በፊት በር ሲገባ እሷ በጓሮ በር ወጣች፤ ሻርፗን እየጎተተች ዞራ መጥታ የመኪናውን በር ከፈተችና የዚያችን ሴት ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

ወንበሩ አልያዛት አለ። ጉልበቷ ከመስታወቱ ጋር ተጋጨ፣ ዳሌዋ ከግራና ከቀኝ ተጨመቀ። ቀበቶውን ብትስበው ሆዷ ጋ ሳይደርስ ቀጥ አለ፤ የተለካው ለሸንቃጣ ወገብ ነው። ከእግሯ ሥር ሞቅ ያለ አየር ይነፍሳል። እግሯን የሚበርዳት ሴት ናት እንግዲህ፤ አወል ደግሞ ያሞቅላታል። በዚያ በጠበበው ወንበር ተሰክታ ሳለች ዓይኗ መስታወቱ ጥግ ላይ ከበራች አንዲት ትንሽ ጽሑፍ ላይ አረፈ። «ሐረጎ ላይ ቀስ በል። ያቅለሸልሻታል» ትላለች።

ሐረጎ ማለት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ያ ጠመዝማዛ መንገድ ነው፤ ጉሙ የማይለቀው። ዘምዘም ጽሑፏን በጣቷ እየዳሰሰች ደግማ አነበበቻት። ሸንቃጣ ወገብ፣ የሚበርድ እግር፣ ማቅለሽለሽ።

«አርግዛለች» አለች ጮክ ብላ። የሚሰማት መስታወቱ ብቻ ነበር። መስታወቱም፣ «እንኳን ደህና መጡ፣ እንግዳችን» አላት።

አወል ባጁን ይዞ ሲመጣ ሚስቱን እዚያ አገኛት። በሩ አጠገብ ቆሞ ቀረ።

«ማናት?» አለችው።

«ዘምዘም፣ ውረጂ እስቲ፣ ቤት ገብተን...»

«ማናት አልኩህ! ልጅ ናት አይደል? የሩቂያ እኩያ ናት? አታፍርም፣ የገዛ ልጅህ እኩያ?»

«ወላሂ ሌላ ሴት የለችኝም።»

«ታዲያ ይሄ ወንበር የማነው? የኔ ነው እንዳትለኝ፤ ይኸው ተቀምጬበት አላስቀምጥ ብሎኛል!»

አወል አፉን ከፈተ። ዓይኑ ሳያስበው ወደ እጆቿ ሄደ። ዘምዘም እንደ ልማዷ ፈጥና ሻርፗ ሥር ሸሸገቻቸው። እሱም አፉን መልሶ ከደነ።

«ልነግርሽ አልችልም» አለ። «ምያለሁ። ከመሐላዬ ፍቺኝና ልንገርሽ።»

«እኔ ምን አግብቶኝ! ያስማለችህ ትፍታህ!»

አወል ያኔ «ያስማልሽኝ አንቺው ነሽ» ቢል አንድ ቃል ነበር። ግን ያ አንድ ቃል እጇን ይጠራል። እንደ እውነቱ ከሆነ መሐላውስ ከፋራ አለው፤ ድሃ አብልቶ መገላገል ይቻላል። አወል የፈራው ሌላ ነው። የሚያውቀውን ብታውቅ ከቅናቷ የባሰ እንደሚያማት ያውቃል። እሱን ሴሰኛ ብትለው ይሻላል አለ በሆዱ፤ ይህን ደግሞ ትችለዋለች፣ ትሰድበኝና ይወጣላታል አለ። ሚስቱን ያውቅ ነበር፤ ቅናትን ግን አያውቅም።

ዘምዘም በዚያው ሳምንት ሼህ አህመዲንን አስጠራች። ሼህ አህመዲን የአካባቢው ሽማግሌ ናቸው፤ እጅ ሲኖርም ሲለቀቅም ምስክር የሚቆሙት እሳቸው ናቸው። ንግግሯ አጭር ነበር። «ወይ ያ እጅ ከመስታወቱ ይለቀቃል፣ ወይ እኔ ሻንጣዬን ይዤ ሰመራ ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ። ከዚያ ወዲያ ሚስት አለችኝ አይበል።»

ሼሁ ወደ አወል ዞሩ። «ሌላ ሴት አግብተሃል?»

«የለም።»

«ወዳጅ ይዘሃል?»

«የለም፣ ሼህ።»

«እንግዲያው እጁ ቢለቀቅ ምን ይጎዳሃል?»

«ይጎዳኛል» አለ አወል።

«ምኑ ነው የሚጎዳህ?»

አወል ዓይኑን ወደ ዘምዘም ሻርፕ ጣል አድርጎ መለሰ። የሚቆጣም የሚዋሽም ሰው አኳኋን አልነበረም፤ ሼሁ ብዙ ባል አይተዋልና ይህ ግራ አጋባቸው። ቢሆንም ሽማግሌ ናቸው፣ ነገር ማሳጠር አለባቸው።

«ልጄ፣ እኛ ልጆች ሆነን አባቴ አሮጌ ፒካፕ ነበረችው። መስኮቷን የምታወርደው በእጅ እያዞርክ ነው። ሬዲዮዋን የምትከፍተው ቁልፍ ተጭነህ ነው። ባለቤቱም ቢጫን ትሰማለች፣ ሌባም ቢጫን ትሰማለች። ያቺ መኪና ማንንም ስለማታውቅ ከማንም አላጣላችንም። ዛሬ መስታወት አወቀ ተባለና ይኸው ትዳር ያፈርሳል። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ሚስትህን ነው የምትፈልገው ወይስ መስታወቱን?»

«ሚስቴን» አለ አወል።

«እንግዲያው ልቀቅና ተገላገል።»

አወል መሬት መሬት እያየ፣ «እሺ» አለ።

እጅ ማስለቀቅ በጁምዓ ይደረጋል፣ ከሶላት በኋላ። መኪናው ግቢው መሃል ቆመ። ሼህ አህመዲን በአወል በኩል፣ ብርቄ ደግሞ በዘምዘም በኩል፣ ሁለቱም በር ይዘው ለምስክርነት ቆሙ። ብርቄ ለቅሶ ቤት የምትለብሰውን ነጠላ ለብሳ መጥታለች።

በየመኪናው፣ ከመስታወቱ ሥር፣ ከተሳፋሪው ጉልበት ትይዩ፣ ቀይ ክዳን ያላት አንዲት ቁልፍ አለች። ከዚያ ሁሉ ቁልፍ የተረፈችው እሷ ብቻ ናት። ሕጉ ነው ያተረፋት፤ ሳይታሰብ በተነካ መስታወት ትዳር እንዳይፈርስ ተብሎ። እጅ ማኖር በመዳሰስ ይሆናል፣ ማስለቀቅ ግን በጉልበት ነው፤ ክዳኗን ማንሳት፣ አውራ ጣትን ማሳረፍ፣ እስክትገባ ድረስ መጫን። ቁልፏ የምትለቀው ከባለ መኪናው ጎን ያለውን እጅ ብቻ ነው፤ ማን እንደተጫናት አትጠይቅም። የተለቀቀው እጅ ስም የሚነበበው ከተለቀቀ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ለእንግዳ የቤት ስም አይነገርም።

አወል መዳፉን መስታወቱ ላይ አሳርፎ ፈቀደ። ለመጨረሻ ጊዜ ባዶው ወንበር ወደፊት ጠጋ ብሎ ተሰናዳ። መስኮቱ ሦስት ጣት ተከፈተ። ዘምዘም ከውጭ ቆማ፣ አንድ ጉልበቷን ደፉ ላይ አንተርሳ፣ ክዳኗን አነሳች።

«ዘምዘም» አለ አወል።  «በአላህ ይሁንብሽ፣ መጀመሪያ ከመሐላዬ ፍቺኝ። ከዚያ በኋላ ከፈለግሽ ትጫኚዋለሽ።»

ባሏ ለሌላ ሴት ወንበር ዕንባ ሲያቀር አየችው። ከሁሉም ይልቅ ያ አንገበገባት። «ያስማለችህ ትፍታህ ብዬሃለሁ!» አለችና አውራ ጣቷን አሳረፈች።

ቁልፏ ጠጣር ናት። ዘምዘም ግን ቆዳ ስታጠብቅ የኖረች ሴት ናት። ተጫነቻት።

ጠቅ አለች።

መስታወቱ ወዲያው መለሰ። «የቤት እጅ ተለቋል። የተለቀቀው እጅ፦ ዘምዘም ሙሄ ይማም።»

ወንበሩ ቀስ እያለ ወደኋላ ተመለሰ። መደገፊያው ተንጋለለ፣ ቀበቶው ላላ፣ ከሥር የሚነፍሰው አየር ቆመ። መስኮቱ ተዘጋ።

«ውሸት ነው» አለች ዘምዘም። ሼሁን አየች፣ ብርቄን አየች። «ስሜን ለምን ይጠራል? እኔ እንግዳ ነኝ አይደል እንዴ የሚለኝ? አወል! ስሜን ለምን ይጠራል?»

«ከመሐላዬ ፍቺኝ» አለ አወል።

«ፈትቼሃለሁ! ፈትቼሃለሁ፣ ተናገር!»

«እጅሽ ነው» አለ። «ያቺ ሰርግ ላይ ሂና አልይዝ ያለሽ ጊዜ አላስማልሽኝም? ከዚያ በፊት አንድ ቀን ከለቅሶ ስንመለስ ደክሞሽ እንቅልፍ ወሰደሽ፣ እጅሽ መስታወቱ ላይ ወደቀ። እንግዳችን አለሽ። አልሰማሽም። መስታወት ቤት ሄጄ ጠየቅኩ። ጣቷ ላይ የሚነበብ አልቀረም፣ ኖራው ልጦታል አሉኝ። አዲስ እጅ ላኑርላት ብል የሚገባ ነገር የለም። ያለው የድሮው ብቻ ነው፣ የሠርጋችን ማግስት ያኖርሽው። እሱን ማንም አይነካብኝም ብዬ ተውኩት፤ እንዴት እንደምነግርሽ ሳስብ አስማልሽኝ።»

«ወገቡስ?»

«ያንቺ ነው። ያኔ እንደዚያ ነበርሽ።»

«ማቅለሽለሹስ?»

«ሩቂያን አርግዘሽ ነዋ! ሐረጎን መውጣት አቅቶሽ፣ በየመጠምዘዣው ቁም እያልሽ፣ ጭንቅላትሽን በመስኮት አውጥተሽ። እኔ ነኝ ያኔ መስታወቱ ላይ የጻፍኩት። ከዚያ ወዲህ አላጠፋሁትም።»

 ሼህ አህመዲን ያረቢ አሉና ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። ብርቄ አጥሩን እያየች፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለች ለራሷ፤ መሰላሉን ያቀበለች እሷ እንዳልሆነች ሁሉ።

ዘምዘም እጆቿን ከሻርፗ አውጥታ አየቻቸው። ስንት ዘመን ሸሽጋቸው ኖራ እሷም ረስታቸዋለች። ጣቶቿ ጫፋቸው ያለቀ ሳሙና መስሏል። ማልቀስ የሚገባት መሰላት፤ የመጣባት ግን ዕንባ አይደለም። የመጣባት ያው ቅናቱ ነው፣ አልበረደም።

«እና ያቺን ነው በየቀኑ ይዘሃት የምትወርደው?» አለችው። «ያቺን ሸንቃጣዋን? ለእሷ ነው የምትስቅላት? እኔ እዚህ መስኮት ላይ ቆሜ?»

«አንቺ በሰርቪስ ትሄጂ ነበራ» አለ አወል። ከዚያ ያለው ነገር ለራሱም አላማረውም መሰለኝ፣ «አብረሽኝ እንዳለሽ ነበር የምቆጥረው» አለ።

«እንዳለሁ! እኔ እኮ ነበርኩ፣ አወል። ሞቼ ነበር እንዴ?»

 

ሰመራ አልሄደችም። ከማን ሸሽታ ትሄዳለች? በማግስቱ ጧት እንደ ልማዷ ማድቤቷ መስኮት ላይ ቆመች። አወል ገባ፣ በሩን ዘጋ፣ መዳፉን አሳረፈ። ከጎኑ ያለው ወንበር አልተንቀሳቀሰም። አወል ወደዚያ ዘወር አላለም፤ ፊት ለፊቱን እያየ ወጣ። ዘምዘም መኪናው ከዳገቱ እስኪሰወር ጠበቀች። ያቺ ሴት ቀረች፤ ሁለተኛ አትመጣም። ደስ ይለኛል ብላ የጠበቀችው ነገር ይህ ነበር። ደስ አላላትም። ቤት ውስጥ ሰው የሞተ ያህል ከፋት።

አወል ግን ሰው ነው፣ ያጠፋውን ያውቃል። በሳምንቱ፣ «ነይ እስቲ፣ ኮምቦልቻ ደርሰን እንምጣ» አላት። ተሳፈረች። መስታወቱን ስትነካው «እንኳን ደህና መጡ፣ እንግዳችን» ተባለች። ሐረጎ ላይ ጉሙ ወረደ፣ መኪናው መጠምዘዣውን እንደማንኛውም መጠምዘዣ በፍጥነቱ ያዘው፤ ቀስ በል የሚለው ጽሑፍ ከእጁ ጋር አብሮ ጠፍቷል። ዘምዘም ሆዷን ያዘች። በዚህ ዕድሜዋ አቅለሸለሻት! አወል አየና እጁን በፊቷ አሳልፎ መስኮቱን ከፈተላት። በሚቀጥለው መጠምዘዣ መስታወቱ ለእንግዳ ደህንነት ሲል ራሱ ዘጋው። አወል እንደገና ከፈተው። መስታወቱ ዘጋው፤ አወል ከፈተው። እስከ ኮምቦልቻ ድረስ እንዲህ ሲታገሉ ወረዱ። ዘምዘም በመንገዱ ሁሉ ያየችው የባሏን እጅ ነው። አንድ ጊዜ፣ እጁ በፊቷ ሲያልፍ ያዘችው። እሱም የሷን ገልብጦ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳበሰ።  መሐላው ቢፈታም ስለ እጇ መናገር ገና አልለመደም።

ቤት ሲደርሱና ስትወርድ፣ «ስለጎበኙን እናመሰግናለን» አላት መስታወቱ።

እሑድ ነው፤ አወል ለቅሶ ሄዷል፣ በጎረቤት መኪና። መኪናው ግቢው ውስጥ ቆሟል። ዘምዘም ልብስ ልታሰጣ ወጥታ፣ ሳፋውን አስቀመጠችና የመኪናውን በር ከፍታ ገባች። ውሃው ከጣቶቿ እየተንጠባጠበ መስታወቱን በመዳፏ ነካችው።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እንግዳችን።»

ዝቅ ብላ ቀዩን ክዳን አነሳች። ቁልፏ እዚያው ናት። እርጥቡን አውራ ጣቷን አሳረፈችና ተጫነቻት። ጠቅ አለች፤ ለስላሳም አይደለችም፣ አታስብምም፣ እንደተጫኗት ትገባለች።

«የሚለቀቅ እጅ የለም» አላት መስታወቱ።

ዘምዘም ጠበቀች። ሌላ ነገር አላለም። እንግዳችን አላላትም፤ ቁልፏ የማን ጣት እንደሆነ አትጠይቅምና።

ብርቄ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ፣ «ደግሞ ምን ልታደርጊ ነው አንቺ ሴት? ምን ቀርቶሽ ነው የምትጫኚው?» ብላ ጮኸች።

ዘምዘም በሩን ሳበችና ዘጋችው። ልብሱ ሳፋው ውስጥ ፀሐይ እያለፈበት ነው። አውራ ጣቷን እንደገና አሳረፈች።

ጠቅ።

«የሚለቀቅ እጅ የለም።»

«አውቃለሁ» አለች ዘምዘም፣ ደግማ ተጫነቻት።